በብራና አጠገብ ያደገው ሕፃን፤ የሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሕይወት ታሪክ



በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ተወልደው ስማቸው ከሀገር አልፎ በውጭው ዓለም ከታወቀላቸው ሰዎች መካከል አንዱ ሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። «ሀገሬ» የተሰኘውን ግጥሙን በቃላቸው የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው፤ ሥዕሎቹም የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክ በተወሳ ቁጥር አብረው ይወሳሉ። ስለ ሥራዎቹ ብዙ ተጽፏል። ይሁንና ይህ ሰው ማየትን፣ ቀለም መለየትንና በእጁ መናገርን ከየት እንደ ተማረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ትምህርቱ የተጀመረው በጀርመን ሀገር በሚገኝ ተቋም ወይም በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት አልነበረም። የተጀመረው በሐረር ከተማ፣ በአባቱ ቤት፣ ብራና በሚወጠርበትና ቀለም በሚበጠበጥበት ሥፍራ፣ ገና ነፍስ ማወቅ በጀመረበት የሕፃንነት ዕድሜው ነው።

ይህን የሕይወት ታሪክ ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ ምእመናን ስናቀርብ ዓላማችን ዝናውን ለመዘከር ብቻ አይደለም። በየቤታችንና በየቁምስናችን የሚገኙ ሕፃናት ከፊደል አስቀድመው በሥዕል፣ በዜማ፣ በጭቃና በጨዋታ እንዴት እንደሚማሩ ለወላጆችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለማሳሰብ ጭምር ነው።

ትውልዱና ዘመኑ

ገብረ ክርስቶስ በ1932 እ.ኤ.አ. በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ከቤተ ክህነት ወገን የሆኑ፣ ብራና የሚያዘጋጁ፣ መጻሕፍትን በእጃቸው የሚጽፉና የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ።

ሐረር ለሕፃን ዓይን የተመቸች ከተማ ናት። በጁገል ግንብ ውስጥ ጠባብ መንገዶቿ በተለያየ ቀለም በተቀቡ ግድግዳዎች መካከል ያልፋሉ። የሐረሪ ሴቶች የሚሰፏቸው ኅብረ ቀለማዊ ስፌቶች በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ከተማዪቱ በእስልምና ሊቃውንት ዘንድም በእጅ በሚጻፉ መጻሕፍትና በመጽሐፍ ድጉሰት ስትታወቅ የኖረች ናት። ስለዚህ ክርስቲያኑም ሆነ ሙስሊሙ መጽሐፍን የሚያየው እንደ ማንበቢያ ብቻ ሳይሆን በትዕግሥትና በፍቅር እንደሚሠራ የእጅ ሥራ ጭምር ነበር።

በዚያው ዘመን ወደ ቆላው ወረድ ብሎ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. ከምድር ባቡሩ ጋር በተቆረቆረችው ድሬዳዋ፣ ሌላ ዓይነት የመጻሕፍት ሥራ ይካሄድ ነበር። የካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር በሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር የጀመሩትና በኋላ ወደ ድሬዳዋ የተዛወረው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት በእርሳስ ፊደል መጻሕፍትን ያትም ነበር። በአንድ አውራጃ ውስጥ አሮጌውና አዲሱ ጥበብ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር ማለት ነው። ገብረ ክርስቶስም በኋላ ሕይወቱን ያሳለፈው በእነዚህ ሁለት ዓለማት መካከል ሲመላለስ ነው።

የልጅነቱ ዘመን ግን የሰላም ዘመን አልነበረም። ሕፃኑ አራት ዓመት ገደማ ሳለ፣ በመጋቢት ወር 1936 እ.ኤ.አ. ሐረር በፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደበደበች፤ በግንቦት ወር ደግሞ ተያዘች። ነፃ የወጣችው በመጋቢት 1941 ሲሆን ያን ጊዜ ገብረ ክርስቶስ ወደ ዘጠኝ ዓመት ይጠጋ ነበር። ይህ ዕድሜ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናትና የመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት የምንለው ነው። ለሀገሩ ልጆች የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች በወራሪው ዘመን ተዳክመው ወይም ተዘግተው ስለ ነበር፣ ለብዙ ሕፃናት ቤታቸው ትምህርት ቤታቸው ሆነ። ለገብረ ክርስቶስ ደግሞ ቤቱ የብራና ቤት ነበር።

በብራና ቤት የሚገኝ ትምህርት

ብራና እንዴት እንደሚሠራ ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ የሥራውን ቅደም ተከተል ያስተዋልነው ግን ጥቂቶች ነን። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውኃ ይዘፈዘፋል። ከዚያም በእንጨት ክፈፍ ላይ በገመድ ተወጥሮ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፤ በድንጋይ ይታሻል፤ በፀሐይም ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ በልክ ተቆርጦ በወስፌ እየተወጋ መስመር ይሰመርለታል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ተዘጋጅቶ ለረጅም ጊዜ እንዲብላላ ይቀመጣል። ቀዩ ቀለም ለአርእስትና ለቅዱሳት አስማት ይጠበቃል። ጸሐፊው የመቃ ብዕሩን ራሱ ቀርጾ፣ ጫፉን ሰንጥቆ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ያቆማል። በመጨረሻም በገጹ ራስ ላይ ሐረግ ይሣላል፤ እርስ በርሱ የሚጠላለፍና መጀመሪያውና መጨረሻው በቀላሉ የማይለይ ጌጥ ነው።

ይህን ሁሉ በየዕለቱ አጠገቡ ሲሠራ የሚያይ ሕፃን ምን ይማራል? በመጀመሪያ ትዕግሥትን ይማራል፤ ቆዳው ሳይደርቅ አይጻፍበትም፤ ቀለሙም ሳይበስል አይነከርም። ሁለተኛ ልክንና መስመርን ይማራል፤ የገጹ ስፋት፣ የመስመሩ ርቀት፣ የፊደሉ ቁመት ሁሉ በዓይን ይለካል። ሦስተኛ ቀለም ትርጉም እንዳለው ይማራል፤ ቀዩ የሚመጣው የተቀደሰ ስም በሚጠራበት ቦታ ነውና። አራተኛ ደግሞ ሰው በእጁ ከምንም ተነሥቶ አንድ ነገር ሊፈጥር እንደሚችል ያያል፤ ትናንት ቆዳ የነበረው ዛሬ መጽሐፍ ሆኖ ይነበባል።

ትንሹ ገብረ ክርስቶስ የአባቱን ሥራ እየተመለከተና እየመሰለ በሥዕል ላይ ፍቅር አደረበት። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ተብሎ የተለየለት ሰዓት አልነበረም። ትምህርቱ ማየት፣ መሞከር፣ መሳሳትና እንደገና መሞከር ነበር። ይህ የኋላ ሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ።

ሕፃናት ለምን ይሥላሉ?

በሌላውም ዓለም የሕፃናት አስተማሪዎች ወደዚሁ ማስተዋል የደረሱት በራሳቸው መንገድ ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪኽ ፍሮብል በ1837 እ.ኤ.አ. በባድ ብላንከንቡርግ ለትንንሽ ሕፃናት ቤት ከፈተ፤ በ1840ም የሕፃናት አትክልት ሥፍራ የሚል ትርጉም ያለውን ስያሜ ሰጠው። በዚያም ሕፃናቱ በእንጨት ቅርጾች እየገነቡ፣ ወረቀት እያጠፉ፣ እየሣሉና እየዘመሩ ይማሩ ነበር። በቪየና ከተማ ፍራንዝ ቺዜክ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለልጆች የሥዕል ክፍል ከፍቶ፣ ልጆች የዐዋቂዎችን ሥዕል ከመገልበጥ ይልቅ ከራሳቸው እንዲሥሉ አደረገ። ማርያ ሞንቴሶሪም በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም የሕፃናት ቤት ስትከፍት፣ እጅ ለአእምሮ አስተማሪ መሆኑን በሥራ አሳየች።

በሀገራችን ደግሞ ዘመናዊው የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው ከድሬዳዋ ነው። በምድር ባቡሩ ሥራ የመጡ ፈረንሳውያን ለልጆቻቸው ያቋቋሙት ቤት በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት ትምህርት መነሻ ተብሎ ይጠቀሳል። የሀገሩ ልጅ ግን ያን ጊዜ የሚማረው በቄስ ትምህርት ቤት ነበር። ያም ቢሆን ዝም ብሎ መቀመጫ አልነበረም፤ ሕፃኑ ፊደሉን በስንደዶ እየነካ በዜማ ያነበንባል፤ ዓይኑ፣ እጁ፣ ጆሮውና ድምፁ በአንድነት ይሠራሉ። ስለዚህ በዜማና በእጅ መማር ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን ያውቁት ነበር።

የሕፃን ሥዕል የራሱ የእድገት ሥርዓት አለው። ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ይጭራል፤ ጭረቱ ለእኛ ትርጉም ባይኖረውም ለእርሱ እጁን የሚያዝበት የመጀመሪያ ሥራው ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ክብ ይዘጋል። ከዚያም ከክቡ ሁለት እግር አውጥቶ ሰው ይለዋል። አካሉ ሳይኖር እግሩ ከራስ መውጣቱ ስሕተት አይደለም፤ ሕፃኑ የሚሥለው የሚያየውን ሳይሆን ለእርሱ ዋና የሆነውን ነው። እናቱን ከቤቱ አስበልጦ ቢሥላት ስለ መጠን ሳይሆን ስለ ፍቅር እየነገረን ነው። እንዲህ እያለ ሐሳቡን በምልክት መግለጽን ይለማመዳል። ፊደልም ከምልክት በቀር ሌላ አይደለምና ሥዕል ለንባብና ለጽሕፈት መንገድ ጠራጊ ይሆናል።

ከሐረር እስከ ኮሎኝ

ከነፃነት በኋላ ገብረ ክርስቶስ በሐረር ዘመናዊ ትምህርት ተማረ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱንም በአዲስ አበባ ተከታተለ። ቀጥሎ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከሥዕል የራቀ ትምህርት ጀመረ። ብሩህ አእምሮ ያለው ወጣት ወደ እንዲህ ያለው ሞያ እንዲገባ በዚያ ዘመንም ይጠበቅ ነበር። የሕፃንነት ፍቅሩ ግን አልለቀቀውም፤ ትምህርቱን ሳይፈጽም ተወና ራሱን ለሥዕል ሰጠ።

በ1957 እ.ኤ.አ. ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዶ በኮሎኝ ከተማ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1961 ድረስ ተማረ። በዚያ ያገኛቸው የጀርመን ሠዓልያን ከብዙ ዓመታት አስቀድመው ለሕፃናት ሥዕል ትልቅ ክብር በሰጡ ሰዎች ጎዳና የሚሄዱ ነበሩ። እነ ፓውል ክሌና ቫሲሊ ካንዲንስኪ የሕፃን ሥዕል ዐዋቂ የረሳውን ቀጥተኛ አመለካከት እንደያዘ ያምኑ ነበርና። የሐረሩ ልጅም በባዕድ ሀገር የተማረው ጥበብ በሕፃንነቱ ካየው ፈጽሞ የተለየ አልነበረም። በሐረጉ ውስጥ መስመር የሰው ወይም የእንስሳ ምስል ሳይሆን ራሱ ውበት ሲሆን አይቷል፤ በብራናውም ላይ ቀለም ነገርን ለመምሰል ሳይሆን ትርጉም ለመስጠት ሲውል አይቷል። ረቂቅ የሚባለው ዘመናዊ ሥዕል ያስደነገጠው ያን ያህል ያልሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል።

መምህርና ባለቅኔ

በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ ሀገሩ ተመልሶ፣ በ1958 በሠዓሊ ዓለ ፈለገ ሰላም መሪነት በተከፈተው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በ1963 ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ለሕዝብ አሳየ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልንና የተፈጥሮን መልክ የሚከተል ሥዕልን የለመደው ተመልካች ግራ መጋባቱ አልቀረም፤ ክርክርም ተነሣ። ይሁን እንጂ በ1965 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ዘርፍ ሸለመው። በ1966 ከውጭ ከተመለሰው ከእስክንድር ቦጎሲያን ጋር የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ፈር ቀዳጅ ተብሎ ይጠራል።

ከአሥር ዓመት በላይ ያስተማራቸው ተማሪዎች ከብራና ወደ ሸራ፣ ከሐረግ ወደ ረቂቅ ሥዕል የሚያሻግር ድልድይ አገኙበት። በግጥሙም የስደትን ናፍቆት፣ የሀገርን ፍቅርና የብቸኝነትን ስሜት ገለጸ። ለእርሱ ቅኔና ሥዕል ሁለት ሞያዎች አልነበሩም፤ በአንዱ ያልተነገረው በሌላው የሚነገርባቸው ሁለት ልሳናት ነበሩ። ይህም የሕፃናት ጠባይ ነው። ሕፃን ሲሥል ያዜማል፤ ሲያዜም ይጨፍራል፤ ሲጨፍር ታሪክ ይፈጥራል። ይህን የሚለያየው ዐዋቂው እንጂ ሕፃኑ አይደለም።

የጎልጎታ ሥዕል

ለምእመናን በተለይ ሊወሳ የሚገባው «ጎልጎታ» የተሰኘው የ1963 እ.ኤ.አ. ሥራው ነው። ስቅለትን የሚያሳየው ይህ ሥዕል በልማድ እንደምናውቀው አይደለም። ወታደሮቹንና አልቃሾቹን ሴቶች አንድ በአንድ ለይቶ አይቈጥርም፤ ተመልካቹን የሚይዘው በቀይ ቀለም ኃይል ነው። መከራው የሚነገረው በፊት ገጽታ ሳይሆን በቀለሙ ነው። በአባቱ ብራና ላይ ቀዩ ቀለም የተቀደሰውን ስም ለመጻፍ ይጠበቅ እንደ ነበር ያስተዋለ ሰው በዚህ ሥዕል ፊት ሲቆም ያንኑ ቀይ ቀለም ያስታውሳል። ሕፃን በልጅነቱ ያየው በቀላሉ እንደማይጠፋ፣ ይልቁንም ተለውጦና አድጎ እንደሚመለስ ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ስደቱና ዕረፍቱ

ከ1974 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ የነበሩት ዓመታት ለብዙ ኢትዮጵያውያን የስደትና የሐዘን ዓመታት ነበሩ። ገብረ ክርስቶስም በ1970ዎቹ መጨረሻ ሀገሩን ለቅቆ ወጣ። በግጥሙ አብዝቶ የናፈቃትን ሀገሩን ዳግመኛ አላያትም። በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ሎውተን በተባለች ከተማ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ።

ግጥሞቹ ከሞቱ በኋላ ተሰብስበው በመጽሐፍ ታተሙ። በጀርመን ሀገር ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹም ወደ ሀገር ተመለሱ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተከፈተላቸው። ሠዓሊው በባዕድ ምድር ቢቀርም ሥራው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ለወላጆችና ለካቴኪስቶች

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ልጆቻችን ሁሉ ሠዓሊ ይሁኑ የሚል አይደለም። የምንማረው ሕፃን በእጁ ሲሠራ እየተማረ መሆኑን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍም ለጨዋታና ለእንቅስቃሴ ቦታ ሰጥቷል። ነገር ግን በብዙ ቦታ የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናት ፊደልና ቁጥር ከሰሌዳ እየገለበጡ ብቻ ሲውሉ ይታያሉ። ወላጅም ሥዕል ይዞ የመጣውን ልጅ የተማርኸው ይህን ብቻ ነውን ብሎ ሲያሳፍረው ይሰማል። ወላጅ መቸገሩ እውነት ነው፤ ደብተር በገንዘብ ይገዛል፤ ፈተናም ይጠብቃል። ሆኖም ሥዕል የፊደልን ቦታ አይወስድም፤ ፊደልን የሚይዙትን ጣቶችና የሚረዳውን አእምሮ ያዘጋጃል እንጂ።

ለዚህም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከሰል ቀለም ነው፤ የተጣለ ካርቶን ሸራ ነው። ከደቻቱ የመጣ ንጹሕ አሸዋ በሰፊ ትሪ ላይ ቢነጠፍ ሕፃን በጣቱ የሚሥልበትና የሚያጠፋበት ደብተር ይሆናል። አሸዋውን የሚያመጡት ግን ዐዋቂዎች ይሁኑ፤ የ2006 እ.ኤ.አ. የጎርፍ አደጋ ያስተማረን ሕፃናት ወደ ወንዙ መውረድ እንደሌለባቸው ነው። ጭቃ ለድስት፣ ለበግና ለግመል መሥሪያ ይበቃል።

ካቴኪስቶችም የመልካሙን ሳምራዊ ወይም የጠፋችውን በግ ታሪክ ካስተማሩ በኋላ ሕፃናቱ የሰሙትን እንዲሥሉ ቢያደርጉ፣ ታሪኩም በልቡናቸው ምን ያህል እንደ ገባ በዚያው ማየት ይችላሉ። አንዱ በጓን ትልቅ፣ እረኛውን ትንሽ አድርጎ ይሥል ይሆናል። ያን ጊዜ ማረም ሳይሆን ንገረኝ ማለት ይበቃል። ሕፃኑ በሚሰጠው መልስ ውስጥ መምህሩ ያላሰበው ማስተዋል ሊገኝ ይችላል። ታሪኩን በጨዋታ ማሳየት፣ በእልልታና በጭብጨባ መዘመርም እንዲሁ ነው። በአንጻሩ ሁሉም አንድ ዓይነት የተሣለ ምስል ብቻ ቀለም እንዲቀባ ማድረግ እጅን ቢያሠራም ልብን ብዙ አያናግርም።

ይህ ማለት ሥርዓት ይቅር ማለት አይደለም። በብራና ቤት ቆዳ አይባክንም፤ ቀለም አይፈስም፤ ብዕር ከተሠራበት በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። የገብረ ክርስቶስ አባት ቤት ነፃነትንና ሥርዓትን በአንድነት የያዘ ትምህርት ቤት ነበር። ሕፃንም የሚያድገው ሁለቱን ሲያገኝ ነው፤ ሥርዓት ብቻ ከሆነ ይደነዝዛል፤ ልቅነት ብቻ ከሆነም ይባክናል።

አለቃ ደስታ በሐረር ብራናቸውን ሲወጥሩ ልጃቸው አንድ ቀን በኮሎኝ እንደሚማር፣ ሥዕሎቹም በስሙ በተሰየመ ቤት እንደሚሰቀሉ ማንም አልነገራቸውም። ሥራቸውን በትጋት ሠሩ፤ ልጁም አጠገባቸው ሆኖ አየ። ከእኛም የሚጠበቀው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ሥራችንን ከሕፃናት ፊት አንሰውር፤ እጃቸውንም ከሥራ አንከልክል። በሚመጣው እሑድ በየቁምስናው ከሰልና ካርቶን ይዘጋጅ፤ ሕፃናቱም የሰሙትን ይሣሉ። ከመካከላቸው ስንቱ ምን እንደሚሆን ዛሬ አናውቅም፤ ዘሩን መዝራት ግን የእኛ ድርሻ ነው።